«ውሃ ሊቀዱ ሄደዋል» ላሉት ሊቀመንበራችን

ውሃው መጣ! በቀን መጣ! ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሰውን እያየ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በራችን ፊት ያለው ፓምፕ ተነሥቶ ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ፤ ጸጉሯን በቢጉዲን የጠቀለልኩላት ደንበኛዬም ከነቢጉዲኗ መንገድ ላይ ወጥታ ጮኸች! ማዕዶትም የትም አትሄድም! ሻንጣዋ ተፈታ፣ ዩኒፎርሟ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጣ፣ ፈተናዋንም እዚሁ ናይሮቢ ትፈተናለች!

ይቅርታዎን፤ ደስታው ቀደመኝና ሰላምታውን ዘለልኩት። እንደ ደንቡ ልጀምር።

መስከረም 18 ቀን 2002 ዓ.ም.
ኢስትሊ፣ ናይሮቢ

ለክቡር አቶ ጌታቸው፣
የቢጫው ፎቅ ግቢ ነዋሪዎች የፀጥታ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ደም ግፊትዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ስለ እንቅልፍዎ ለይቼ የምጠይቀው በቂ ምክንያት ስላለኝ ነው፤ የግቢያችን ቁልፍ የሚያድረው እርስዎ ትራስ ሥር በመሆኑ፣ እርስዎ ጥሩ እንቅልፍ ተኝተው ካደሩ ሃያ ሁለት ቤተሰብ ውሃ ሳይቀዳ ነግቶበታል ማለት ነው። ፈጣሪ እንቅልፍዎን ያብዛልዎ፤ ቁልፉን ግን ከእንግዲህ ባያበዛልዎ ደስ ይለናል።

እኔ በግቢው ምድር ቤት የሴቶች ጸጉር ቤት ያለኝ ውባንቺ ነኝ፤ ያው የኮሚቴዎ የፊሽካ ኃላፊ የአቶ ዓለምሰገድ ባለቤት። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በላይ ስላልገፋሁ እንደ እርስዎ ነገርን በአንድ ቃል መቋጨት አልችልበትም፤ ስለዚህ ደብዳቤው ቢረዝምብዎ በሁለት ቀን ከፍለው ያንብቡት። ለሁሉም ሰው ግልጽ ያደረግሁትም እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ለእርስዎ ብቻ ብሰጠው መዝገብ ውስጥ ገብቶ ፀጥ እንደሚል ከልምድ ስለማውቅ ነው። አንዱን ጸጉር ቤቴ በር ላይ፣ አንዱን ሥጋ ቤቱ ጋ፣ አንዱን ደግሞ እርስዎ ጠዋት ጠዋት ሻይ ከሚጠጡበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ።

የግቢያችንን ጉድ የማያውቅ አንባቢ ግራ እንዳይገባው ከሥሩ ልናገር። በመጋቢት የሚጀምረው የረጅሙ ዝናብ ወራት እንደነገሩ ነጠብጠብ አድርጎ አለፈ። በሰሜን በኩል ከብቱ አለቀ እየተባለ በሬዲዮ ይነገራል፤ የከተማው ቧንቧ በፈረቃ ሆነ፤ ፈረቃው ራሱ ደግሞ ፈረቃ አወጣ፤ አንዳንዴ የሚንኮሻኮሸውን የቧንቧ አየር ሰምተን ስንሮጥ ከአየሩ በቀር ምንም አናገኝም። ለሰፈራችን የቀረው የሰፈሩ የውሃ ማኅበር የሚያስተዳድራቸው ሁለት የጉድጓድ ፓምፖች ናቸው፤ አንዱ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት፣ ሌላው ከጋራዦቹ ማዶ። በግንቦት ወር የእኛው ፓምፕ በድንገት ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ ለአራት ወር ማንም ሳያውቅ ኖረ። አሁን ታውቋል፤ እሱን ግን እስከ መጨረሻው አስቀምጣለሁ፤ ጸጉር ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ጥሩውን ወሬ መጀመሪያ ላይ አይጨርስም።

ቅሬታ የሚለውን ቃል አልወደውም። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ ምስጋና ብዬ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ በሩ እናመሰግናለን። ድርቁ እየበረታ ሲሄድና በውሃ ሰልፍ ላይ ጠብ ሲበዛ፣ ኮሚቴዎ «ፀጥታ ደፍርሷል» ብሎ ስምንት ወንዶች ሦስት ቀን ሙሉ ተሰብስበው መከሩ። እኛ የሚደፈርሰው ውሃ ይመስለን ነበር፤ ያውም ሲገኝ። ከምክሩ በኋላ ትልቅ የብረት በር መጣ፤ ሁለት ጓጉንቸር፣ አንድ ፊሽካ፣ ቁልፍ የማይሰጠው አንድ አስካሪም፣ በእኛ አማርኛ ዘበኛ፣ መጣ። በሩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተዘግቶ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲከፈት ተወሰነ። ፊሽካው ለባለቤቴ ተሰጠ፤ እስከማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነፍቶታል፤ እሱም በቴሌቪዥን ኳስ ሲያይ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ስለከለከለ ነው። እንግዲህ ከጋራዦቹ ማዶ ያለው ፓምፕ ውሃ የሚሰጠው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። በሩ የሚከፈተውም በአሥራ ሁለት። እንዲህ ያለ የሰዓት አያያዝ በባቡር ጣቢያ እንኳ አይገኝም፤ ውሃው ሲቆም በሩ ይከፈታል፤ እኛም ባዶ ጀሪካናችንን ይዘን ለጤንነታችን ተንሸራሽረን እንመለሳለን።

ቁልፉን እንድትሰጡን ለምነን ነበር። «ቁልፍ ለሴት ከተሰጠ በሩ በር መሆኑ ቀረ» አሉን። ይህን አባባልዎን በወረቀት ጽፌ ከመስታወቴ ጎን ሰቅየዋለሁ፤ ደንበኞቼ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆነው ሲያነቡት ስለሚስቁ ጊዜው አይረዝምባቸውም።

ሁለተኛ፤ ማዕዶትን ቀጭን አድርጎ የፈጠራትን አምላክ እናመሰግናለን። ማዕዶት በሁለተኛው ፎቅ የምትኖረው የፋናዬ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ፎርም ፎር ማለትም የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻው ክፍል፣ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ የመጨረሻ ፈተናዋ ላይ የምትቀመጥ። ፋናዬ ይህችን አንዲት ልጅ አዝላ ነው ከድንበር እዚህ የደረሰችው፤ ኢምባካሲ ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ቆማ እየዋለች ነው የምታስተምራት። እኛ ሌሎቻችን በሩ ሥር ባለው ክፍተት ልናልፍ ሞክረናል፤ እኔ እስከ ትከሻዬ ድረስ ገብቼ አስካሪውና ሁለት ጎረቤቶች እግሬን ጎትተው አውጥተውኛል። ማዕዶት ግን ደብተር በሳጥን ሥር እንደሚገባ ሹልክ ትላለች። ስለዚህ የሃያ ሁለት ቤተሰብ ጀሪካን በበሩ አናት እያቀበልን፣ ልጅቱ ብቻዋን በጨለማ ጋራዦቹን አልፋ ሰልፍ ትይዛለች፤ ትቀዳለች፤ ባለጋሪው ሲነጋ እያመጣ በሩ ላይ ይደረድርልናል። ከዚያ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ክፍል ውስጥ እንደምታንቀላፋም መምህሯ ጽፈው ልከዋል።

እዚህ ላይ ምስጋናውን ለአፍታ ላቁም። ጀሪካን ካቀበሉት አንዷ እኔ ነኝ። «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» እያልኩ ቢጫዋንም ሰማያዊዋንም አቀብያታለሁ፤ ለሥራዬ ስለሚያስፈልገኝ ከሁሉም አብልጬ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ በሩን ዘጉ፤ እኛ ደግሞ ልጅ ሰደድን። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል። እሺ፣ ተናገርኩት፤ እንቀጥል።

ሦስተኛ፤ ስለ ላሜራው እናመሰግናለን። አንድ ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰዎች ከጋራዡ ጥግ ተነሥተው ማዕዶትን አሯሯጧት። አንድ ጫማዋን ጥላ፣ ሹራቧን በሩ ሥር ያለው ብረት ቀዶት፣ በዚያው ክፍተት ሾልካ ግቢ ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን ሌላ ምንም አልሆነችም። ኮሚቴዎ በዚያኑ ቀን አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ፤ እኛም አሁንስ ቁልፉን ሊሰጡን ነው ብለን ጠበቅን። ውሳኔው ሲነበብ «የበሩ ሥር ክፍተት ለፀጥታ አሥጊ መሆኑ በተጨባጭ ስለተረጋገጠ በላሜራ እንዲበየድ» ይላል። ተበየደም። ልጅቱን ያተረፋትን አንድ ነገር ፈልጎ ማግኘትና መድፈን ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል፤ በያጁም እጁ የተባረከ ሰው ነው፤ አንድም ቀዳዳ አልተወም።

ፋናዬ በበኩሏ በዚያው ሳምንት የራሷን ውሳኔ አሳለፈች፤ «ይህችን ልጅ ይዤ ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለጀሪካን ልገብራት አይደለም» ብላ ሻንጣ አውጥታ፣ ማዕዶትን ሞያሌ አክስቷ ዘንድ ልትልካት ቆረጠች። «ፈተናውስ?» ስንላት «ሕይወት ሲኖር ነው ፈተና» አለችን። ማዕዶት አላለቀሰችም፤ መጽሐፎቿን በላስቲክ ገመድ አስራ «ኢትስ ኦኬ፣ ማሚ» አለች፤ እንዲህ ካለች ደግሞ ኦኬ እንዳልሆነ እናቷም እኔም እናውቃለን።

አራተኛ፤ ስለ መስተንግዶዎ እናመሰግናለን። ዐሥራ አራት ሴቶች ሆነን ስብሰባችሁ ላይ ስንመጣ ወንበር ባይኖርም ግድግዳ ነበር። ጉዳያችንን ስንናገር «ወይዘሮዎች፣ ውሃ የጓዳ ጉዳይ ነው፤ ኮሚቴው የሚመለከተው ፀጥታን ነው» አሉ። ፋናዬም ከሥራ መጥታ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ልጄን ያሯሯጧት ጓዳዬ ውስጥ ነው እንዴ፣ አቶ ጌታቸው?» ብትልዎ ሁላችንም አጨበጨብን፤ እርስዎ ደግሞ ጠረጴዛውን እየመቱ «ፀጥታ! ፀጥታ!» አሉ። እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ዝም በሉ ማለትዎ ነበር ወይስ የኮሚቴውን ስም ማስተዋወቅዎ? ምናልባት ቋንቋችን ሁለቱንም በአንድ ቃል የጠራው ኮሚቴዎን አስቀድሞ አይቶ ይሆናል።

የሰጡንንም ምክር አልረሳንም፦ ሳይነጋ አትውጡ፤ ስትወጡ ጨዋ ልብስ ልበሱ፤ ውሃ በቁጠባ ተጠቀሙ። ስለ ቁጠባው ልመስክር። በዚያው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ሻምፑ እንደተቀባች ውሃ አልቆብኝ አረፋውን በፎጣ ጠርጌ ላክኋት፤ ሠርጓ ላይ ላብ ሲያገኛት አረፋ እንደሠራች ሚዜዎቿ ነግረውኛል። ከዚህ በላይ ቁጠባ ካለ ያስተምሩን።

በማግስቱ ጸጉር ቤቴ ውስጥ የራሳችንን ኮሚቴ አቋቋምን፤ ስሙንም የጫጫታ ኮሚቴ አልነው። ሊቀመንበር የለንም፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ስለምንናገር ቦታው አይመችም። የመጀመሪያ ሥራችን መንገዱን ተሻግረን የጨርቅ ነጋዴዋን ሀጀራን ማነጋገር ነበር፤ ያቺን እርስዎ «የውጭ ሰው» ብለው በሩን ያጠሩባትን ሱማሌዋን። የእነሱ ፎቅ ታንከር አለው። ሀጀራ ሰምታን ሳትጨርስ «ኮሚቴ ሳላስፈቅድ ነው የምሰጣችሁ፤ እኛ ኮሚቴ የለንም» ብላ ሳቀች፤ ለየቤቱ በቀን አንድ አንድ ጀሪካን፣ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ እየተሰለፍን እንድንቀዳ ፈቀደችልን። በሩ ያስቀረልን የውጭ ሰው እንግዲህ ይህች ናት።

አምስተኛ፤ የኮሚቴውን ጸሐፊ አቶ ወንዳፍራሽን በተለይ እናመሰግናለን። ኪሊማኒ ያለ አንድ ድርጅት «ስለ ሥርዓተ ፆታ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ፀጥታ» ውይይት አዘጋጅቶ፣ ከግቢያችን ሦስት «የፆታ ተወካዮች» እንዲላኩ በአማርኛ ጽፎ ነበር። አቶ ወንዳፍራሽ ደብዳቤውን ሲያነቡ ፆታ የምትለዋ ቃል ላይ ደርሰው «እነዚህ ልጆች አማርኛ ጠፋባቸው» አሉና፣ ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ፆን ፀ አድርገው፣ መሃል ላይ ጥን ሰክተው አስተካከሏት። ስለዚህ ጥሪው ስለ ሥርዓተ ፀጥታና ስለ ፀጥታ ሆነ፤ የፀጥታ ተወካዮችም ተፈለጉ። ይህ ደግሞ ከእናንተ በቀር ማንን ይመለከታል? እርስዎ፣ አቶ ወንዳፍራሽና የእኔው ዓለምሰገድ ሸሚዛችሁን ለብሳችሁ ሄዳችሁ። ሸሚዙን በሀጀራ ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

የሆነውን ዓለምሰገድ እየተቅለሰለሰ፣ ሚዛን ደግሞ እየሳቀች ነግረውኛል። ሚዛን ማለት የድርጅቱ ሠራተኛ የሆነች፣ ያንን ደብዳቤ የጻፈችው ወጣት ሐበሻ ናት። በሩ ላይ ቆማ ሦስት ጢማቸውን የተላጩ ወንዶች ስታይ ደንግጣ «ሴቶቹስ የት አሉ?» ብላ ጠየቀች። እርስዎም ጉሮሮዎን ጠርገው «ውሃ ሊቀዱ ሄደዋል» አሉ።

አዳራሹ ፀጥ አለ ይባላል። በኮሚቴዎ ታሪክ የተገኘው የመጀመሪያው ፀጥታ ይህ ነው፤ ለመዝገብ ይያዝ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ከልቤ ነው የምልዎ፤ ሕይወትዎን ሙሉ ከተናገሩት ሁሉ እውነቱ ይህ ነበር። ያን ሰዓት ዐሥራ አራታችንም ሀጀራ ታንከር ሥር ተሰልፈን ነበር። እኛ በአራት ወር ጫጫታ ያላስረዳነውን እርስዎ በሦስት ቃል አስረዱልን። ሚዛን ቃልዎን ጻፈችው፤ ሦስታችሁም ቀኑን ሙሉ ተወያይታችሁ፣ ኮፍያና ቦርሳ ተቀብላችሁ ተመለሳችሁ። ባለቤቴ አስቦልኝ ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ይዞልኝ መጣ። የአንዲት ሴት ግንባር ጸጉር ታጥቦበታል፤ ይመስገን።

በማግስቱ ሚዛን በማታቱ ታክሲ መጥታ ጸጉር ቤቴ ገባች። «ውሃ ሊቀዱ የሄዱትን ሴቶች ፈልጌ ነው» አለች። ምን እንደተፈጠረ ይገምቱ፤ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ነገርናት። ልጅቱ ጆሮዋ ተርፎ ከሆነ ዕድለኛ ናት። ስንጨርስ «ፓምፑ ግን ለምን ተዘጋ?» አለች። እውነትም ለምን? አራት ወር ሙሉ በሩን ስንገፋ፣ ኮሚቴውን ስንለማመጥ፣ ይህችን ቀላል ጥያቄ ሄዶ የጠየቀ አልነበረም። የውሃ ማኅበሩ ቢሮ ከእኛ ግቢ አምስት ደቂቃ በእግር ነው።

አሁን ደግሞ ያስቀመጥኩልዎ ወሬ መጣ። ወንበር ካለ ይቀመጡ።

ሚዛን፣ ፋናዬ፣ ማዕዶትና እኔ ቢሮው ገባን። የማኅበሩ ጸሐፊ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ሲሰሙ ብድግ ብለው «አሃ! ዋቱ ዋ ኪምያ!» አሉን። ኪምያ በስዋሂሊ ዝምታ ማለት ነው፤ የዝምታ ሰዎች ማለታቸው ነው። እኔን! የዝምታ ሰው! በሕይወቴ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። ሽማግሌው ፋይል አወጡ፤ ውስጡ በግንቦት ወር በኮሚቴዎ ማህተም፣ በእርስዎ ፊርማ፣ በአቶ ወንዳፍራሽ እንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ማዕዶት ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ «እኛ የቢጫው ፎቅ ሳይለንስ ኮሚቴ ነን፤ በበራችን ላይ ባለው ፓምፕ ዙሪያ ሙሉ ሳይለንስ እንዲሰፍን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።»

አቶ ወንዳፍራሽ ፀጥታን ሳይለንስ ብለው ተረጎሟት! ለሰልፉ ጥበቃ ልትጠይቁ ሄዳችሁ፣ ሞተሩ ዝም ይበል ብላችሁ መጣችሁ!

ሽማግሌው ምን ያድርጉ? የጉድጓዱ ውሃ በድርቁ ወደ ታች ስለሸሸ ሁለቱን ፓምፖች ማንቀሳቀስ አልተቻለም፤ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ከአንደኛው በር «እባካችሁ ጩኸት በዛብን» የሚል ባለማህተም ደብዳቤ መጥቷል፤ በጋራዦቹ በኩል ደግሞ ማንም አልጻፈም፤ ጋራዦቹ ሳይከፈቱ በፊት ቢሠራ ጨርሶ ማንንም አይረብሽም። ስለዚህ የእኛውን ዘጉ፤ የማዶውን በሌሊት አስነሡ። በትሕትና «ዝምታው እንዴት ነው? ተስማማችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ማዕዶት ወረቀቱን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። መጀመሪያ ልታለቅስ መሰለኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። «ማሚ፣ እኔ እኮ ለሳይለንስ ብዬ ነው በር ሥር የምሾልከው የነበረው!» ፋናዬ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ከልጇ እጅ ተቀብላ፣ አቃንታ አጥፋ፣ ለሽማግሌው መለሰችላቸውና ለማዕዶት «ቁጭ በይ፤ በትክክለኛው ቃል ጻፊው» አለቻት። ማዕዶትም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሴኪዩሪቲ ብላ ጀምራ ግማሽ ገጽ ጻፈች፦ ውሃው በቀን ቢሰጥ ሴት በጨለማ እንደማትወጣ፣ ሴት በጨለማ ካልወጣች የሚያሯሩጣት እንደማይኖር፣ የሚያሯሩጣት ከሌለ ደግሞ ትምህርቷን እንደምትጨርስ። ወደ ሰፈር ወስደን ዐሥራ አራታችንና ከሀጀራ ፎቅ ዘጠኝ ሴቶች ፈርመንበት መለስንላቸው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አነበቡትና «ይህንን ነበር መጀመሪያ መጻፍ» አሉ። በማዶው ምትክ የእኛው ፓምፕ ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ተነሣ፤ ከእንግዲህ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት፣ እሑድ ደግሞ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራል። የሞያሌው አውቶቡስ የሚነሣው የፊታችን ዓርብ ነበር። ስድስት ቀን ሲቀረው ነው ያመለጥነው።

ይህን ያህል ካስቸገርኩዎ አይቀር፣ አንድ ቁም ነገር ልጨምር። ሚዛን በዚያ አዳራሽ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ፆታና ስለ ፀጥታ የተባለውን ወረቀት ሰጥታኝ አነበብኩት፤ ቃሉ ከበደኝ እንጂ ነገሩን አውቀዋለሁ። ሰማዩ ዝናብ ሲከለክል መጀመሪያ የሚጎድለው የሴት እንቅልፍ ነው። ቀጥሎ የሴት ልጅ ትምህርት ይጎድላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ማንም ስብሰባ አይጠራም፤ ጓዳ ነዋ! ነገሩ አድጎ በር ላይ ሲደርስ ያኔ «ፀጥታ ደፈረሰ» ይባልና ስምንት ወንዶች ብረት ለመግዛት ይወጣሉ። ብረቱም ልጅቱን ውጭ፣ ሰዎቹን ውስጥ አድርጎ ይቆለፋል። እኔ ጂኦግራፊ ድሮ ከሰባ በላይ አምጥቼ አላውቅም፤ ይህን ግን ያለ መምህር ተማርኩት። ፆታና ፀጥታ ያን ያህል አይራራቁም፤ አቶ ወንዳፍራሽ እንዳሳዩን በመሃላቸው ያለችው አንዲት ጥ ናት።

የቁልፉንም ነገር ልንገርዎ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ። ቅዳሜ ዕለት በደስታ ብዛት የባለቤቴን ፊሽካ አንሥቼ ልነፋ ስል ክሩ ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል። የበሩ ሁለተኛ ቁልፍ! አራት ወር ሙሉ አልጋዬ ራስጌ ከፊሽካው ጋር ተሰቅሎ ነበር! «አንተ ሰው!» ስለው «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁላችንም እርስዎን ነበር የምንጠይቀው። ዓለምሰገድ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከጎኔ ሆኖ ድንች እየላጠ ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው። ቁልፉ ከእንግዲህ በጸጉር ቤቴ ግድግዳ፣ ያ አባባልዎ ከተለጠፈበት አጠገብ ይሰቀላል። በሩም እስካሁን በር እንደሆነ ነው፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።

ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለጓጉንቸሮቹ ጥሩ ዝገት፣ ለበያጁ ሌላ ሥራ፣ ለአቶ ወንዳፍራሽ ጥሩ መዝገበ ቃላት፣ ለእርስዎም ከነቤተሰብዎ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የማይደፈርስ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ዘመን ብዙ ዝም ያልኩ፣ ከእንግዲህ ግን የማልል፣

አክባሪዎ
ውባንቺ ያዕቆብ
የሴቶች ጸጉር ሠሪ፣ የጫጫታ ኮሚቴ አባልና ለጊዜው ባለቁልፍ

ማስታወሻ፦ ደስታችንን በግቢው ውስጥ፣ በተከፈተው በር ላይ እናከብራለን። ከቅዳሴ የሚመለሰውም፣ ከቸርች የሚመለሰውም፣ ሀጀራና ጎረቤቶቿም፣ ሽማግሌው የውሃ ጸሐፊም፣ ሚዛንም ተጠርተዋል። ማዕዶት ንግግር ታደርጋለች፤ ጠፍቶባት የነበረውን ጫማ በአዲስ ተክተንላታል። በዚያው ቀን የኮሚቴው ስምንት ወንበሮች እንደገና ይመረጣሉ፤ አራቱ የሴቶች ናቸው፤ ይህን የጫጫታ ኮሚቴ በአንድ ድምፅ ወስኗል፣ ማለቴ በዐሥራ አራት ድምፅ በአንድ ጊዜ። ለእንግዶች የሚያስፈልገውን ውሃ የሚቀዱት የፀጥታ ኮሚቴ አባላት ናቸው፤ ለእያንዳንዳችሁ ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ስማችሁ ተጽፎበት ከበሩ አጠገብ ተደርድሯል፤ የእርስዎ ቢጫው ነው። ፓምፑ ከበሩ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፤ የሚያሯሩጥዎ ሰው አይኖርም። የሚመጣ ሰው «ሊቀመንበሩ የት አሉ?» ብሎ ከጠየቀን መልሳችን ዝግጁ ነው፤ «ውሃ ሊቀዱ ሄደዋል» እንላለን። ስለዚህ ሁላችሁም ኑ፤ ፀጥታውን ቤት አስቀምጣችሁ ኑ፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት፣ ቀኑ እሑድ መስከረም 24 ነው።